ኮብልስቶን ለደሴ አደባባይ፦ ድንጋዩ ሸጋ ነው፣ ጣጣው ከሥሩ

ከጦሳ ተራራ ግርጌ ለተቀመጠች ከተማ፣ ለአደባባይም ሆነ ለእግረኛ መንገድ፣ ከሲሚንቶ ታይል ኮብልስቶን ይሻላል። ጥቁሩ ድንጋይ ከወሎ ተራራ የሚወጣ ነው፤ የሚጠርበውም የሚያነጥፈውም የሰፈር ወጣት ነው። የውሃ መስመር ሲቀበር ተነቅሎ እንደገና ይነጠፋል። ጭቃ የነካው ታይል ሰው ሲጥል የተጠረበ ድንጋይ እግር ይይዛል። ከአምስት አራት ይገባዋል፤ አንዷን ነጥብ ያሳጣው አሠራሩ ነው።

ደሴ ላይ ንጣፍ የሚያፈርሰው ከመኪና ይልቅ ጎርፍ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከተራራ የሚወርደው ውሃ ቦይ ካጣ በድንጋዮቹ መሀል ሰርጎ፣ ከሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወስደዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዳር ነው። ቦዩን የሚያዋስነው ድንጋይ ትንሽ ያዘነብላል፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል፤ ከዚያ ጎረቤቱ ይላላል፤ ክረምቱ ሳይወጣ ጉድጓድ ይሆናል። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው፦ መጀመሪያ ቦይ፣ ቀጥሎ በኮንክሪት የተያዘ የዳር ድንጋይ፣ ንጣፉ መጨረሻ። ንጣፍ ተመርቆ ቦይ «በሚቀጥለው በጀት» ከተባለ የሕዝብ ገንዘብ ጎርፍ በላው ማለት ነው፤ ያሳዝናል።

ከሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ገረጋንቲ (ጠጠር የበዛበት የመንገድ ሙሌት አፈር) ውሃ እየጠጣ በደንብ ይጠቅጠቅ፤ በላዩ 5 ሳንቲሜትር አሸዋ ይበቃል። ያልተስተካከለ ገረጋንቲን በአሸዋ መሙላት የተለመደ ጥፋት ነው፤ አሸዋው የወፈረበት ቦታ ይሰምጣል። 10 በ10 ሳንቲሜትር የሆነው ድንጋይ በካሬ ሜትር 80 ያህል ይገባል። ቆጥራችሁ 65 ካገኛችሁ ክፍተቱ ሰፍቷል፤ ከ1 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም። ቁልቁለት ላይ ሥራው ከታች ወደ ላይ ይሂድ፤ በየ10 ሜትሩ ገደማ አግድም የኮንክሪት ማሰሪያ ይግባበት፤ አለዚያ ንጣፉ ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል። ሜዳ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ሜትር ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ወደ ቦዩ ያዘንብል። ርክክብ ሲደረግ አንድ ባልዲ ውሃ ማፍሰስ ነው፦ ውሃው ወደ ቦዩ ካልሄደና መሀል ላይ ከተኛ አትረከቡ።

ትልቁ ጉድለቱ ለዊልቸርና ምርኩዝ ለያዙ አረጋውያን ነው፤ ያንገጫግጫል። መሀሉ ላይ 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ በመጥረጊያ የተሻከረ ኮንክሪት ቢዘረጋ ሁሉም ይሄድበታል። ይህ ሳይሠራ የቀረ አደባባይ የሁሉም አይደለም።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ቆላ ቀመስ ስለሆነች ጥቁሩ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋዋል፤ ጥላ የግድ ነው። ሲነጠፍ 1 ሜትር በ1 ሜትር የችግኝ ጉድጓድ ይተው፤ በኋላ ድንጋይ ነቅሎ የሚተክል የለም። ባህር ዛፍ ግን ቦይ አጠገብ አይተከል።