ልጅ አሜሪካ ላላት እናት የሚሆን ሰዓት

ለእናቴ ባለ ሁለት ገጽ የእጅ ሰዓት የገዛሁላት ጎንደር ፒያሳ ካለች ጠባብ ሰዓት ቤት ነው። ትልቁ ገጽ የእኛን ሰዓት ያሳያል። ከሥሩ ያለችው ትንሿ ደግሞ እህቴ ያለችበትን የዋሽንግተንን። እማዬ ከመደወሏ በፊት እጇን አየት ታደርጋለች፣ በቃ። 1,800 ብር ከፈልኩ፣ አልቆጨኝም።

ቁጥሮቹ ጎላ ያሉ ናቸው፣ ማሰሪያውም ደህና ቆዳ ነው። የምር የወደድኩት ግን ሻጩን ነው። ብሩን ተቀብሎ ዝም አላለም። «እማማ፣ ልጅዎ የት ናት?» ብሎ ጠየቀ። ዋሽንግተን ስትለው ትንሿን ማዞሪያ በጥፍሩ ሳብ አድርጎ ሞላላትና «ይቺ በዓመት ሁለት ጊዜ ትነካለች» አላት።

እውነቱን ነው። አሜሪካኖች በሙቀቱ ወራት ማታ ላይ ተጨማሪ ፀሐይ እንዲያገኙ በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይመልሳሉ። እኛ ባለንበት ነን። ስለዚህ ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ይሆናል። እዚህ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን፣ እህቴ በብርዱ ወራት እኩለ ቀን ላይ ናት፤ በሙቀቱ ወራት ግን የምሳ ሰዓቷ አልፎ ሥራ ገብታለች።

እማዬ «እኛስ ለምን አናዞርም?» አለች። ምን ልናተርፍ! ጎንደር ላይ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለንደን ሰኔ ላይ ቀኑ ከ16 ሰዓት ይበልጣል፣ ታኅሣሥ ላይ 8 እንኳ አይሞላም። እኛ ቀኑን አንድ ብለን የምንቆጥረው ከንጋት ተነስተን ነው፤ ንጋታችንም ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይርቅም።

አሜሪካ ውስጥም የማያዞር አለ። የአሪዞና ግዛት፣ ናቫሆ ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች ምድር በቀር፣ አታዞርም። በዚያ ሙቀት፣ ማታ ላይ ተጨማሪ ፀሐይ ማን ይፈልጋል? የጎረቤታችን ልጅ እዚያው አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ ነው። ይህንኑ ሰዓት ገዝተው አንዴ አስሞሉት፤ ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ 10 ሰዓት ስለሆነ አይነኩትም።

ጉድለት አላት። ትንሿ ገጽ ቀንና ሌሊት አትለይም። 2 ስትል የሌሊቱ ይሁን የቀኑ ራሳችሁ ማሰብ አለባችሁ። ለእናቴ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ልጇን ከእንቅልፏ መቀስቀስ አትፈልግማ። ማዞሪያዋም ለአዛውንት ጣት በጣም ትንሽ ናት። መጋቢት በገባ በሳምንቱ፣ ከዚያ ደግሞ ጥቅምት ሲያልቅ ወደ ሱቁ ውሰዷት። ሻጩ ያስተካክልላችኋል፣ ለዚህ ገንዘብ አይቀበልም።