ባለ ቁልፍ ወይስ በእጅ የሚጠብቅ? ድሪል ለሚገዙ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች

«ድሪል ልገዛ ነው፤ ፑንታውን (መብሻ ብረቱን) በቁልፍ የሚያጠብቀውን ልውሰድ ወይስ በእጅ የሚጠብቀውን?» ኮምቦልቻ ውስጥ በኤል ቲ ዜድ ብረትና በአሉሚኒየም በርና መስኮት ሥራ ስለምተዳደር ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ከደሴም እየደወሉ የሚጠይቁኝ አሉ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ በደንብ ጽፌ ላስቀምጠው ብያለሁ። መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ብሎኬትና ኮንክሪት የምትበሱ ከሆነ ባለ ቁልፉን ግዙ። በእጅ የሚጠብቀውም የራሱ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ሱቅ ውስጥ እንደሚነገራችሁ ሰፊ አይደለም።

ስለ ዋትና ስለ ፍጥነት አልጽፍም፤ ካርቶኑ ላይ ሰፍሯል። የምጽፈው ካርቶኑ ስለማይናገረው ስለ ቸኩ ነው፤ ፑንታውን በሦስት መንጋጋ ነክሶ ስለሚይዘው የድሪሉ ራስ። «ተበላሸ» ተብለው ከሚመጡልኝ ድሪሎች ውስጥ ሞተራቸው ደህና ሆኖ ቸካቸው ብቻ የሞተ ብዙ ናቸው። ባለቤቱ ግን አዲስ ድሪል ሊገዛ ብሩን ቆጥሮ ጨርሷል።

ከዋጋው እንጀምር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የእጅ መሣሪያ ዋጋ አንድ ቦታ አልቆመም፤ ስለዚህ የምጠራቸውን ቁጥሮች ለማነጻጸሪያ ብቻ ያዙዋቸው። በቅርቡ ስጠይቅ ባለ 13 ሚሊሜትሩ ባለ ቁልፍ ቸክ ደሴ ፒያሳ 750፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 800 ብር ተባልኩ። በእጅ የሚጠብቀው፣ ውጫዊ ቀለበቱ ፕላስቲክ የሆነው፣ 900 ብር ነው። ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነው ከ1,900 እስከ 2,300 ብር ይጠየቅበታል። የባለ ቁልፉ ቁልፍ ብቻውን 150 ብር ይሸጣል። አሁን አስሉት። ፕላስቲኩን ገዝታችሁ አንድ ጊዜ ብትቀይሩት 1,800 ብር አወጣችሁ ማለት ነው። በዚያው 1,800 ብር ከደሴ ሁለት ባለ ቁልፍ ቸክና ሁለት ትርፍ ቁልፍ ይገዛ ነበር። ሙሉ ብረቱ በእርግጥ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ለቸክ ብቻ ያን ያህል ከከፈላችሁ የድሪሉን ዋጋ ምን አደረጋችሁት? ለ50 ብር ልዩነት የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ድረስ መሄድም አያዋጣም፤ የትራንስፖርቱ ወጪ ትርፉን ይበላዋል። ለሌላ ጉዳይ ስትወጡ ግዙ።

በእኛ ከተሞች ድሪል በአብዛኛው የሚሠራው ምንድን ነው? መጋረጃ መስቀያ፣ የዲሽ ማቆሚያ፣ የመስኮት ፍሬም ማሰሪያ። መጋረጃው የሚሰቀለው ከመስኮቱ በላይ ባለው የኮንክሪት ቢም ላይ ነው። ሠራተኛው መሰላል ላይ ቆሞ ድሪሉን ወደ ላይ ሲያቀና የሚወርደው ዱቄት በፑንታው ዙሪያ ተንሸራቶ በቀጥታ የቸኩ አፍ ውስጥ ይገባል። ሁለቱንም ዓይነት ይጎዳል፤ በእጅ የሚጠብቀውን ግን ይገድለዋል። በእጅ የሚጠብቀው ኃይሉ ከእጃችሁ ጉልበት አይበልጥም፤ ውስጡ ትንሽ ዱቄት ሲገባ ያ ጉልበት መንጋጋውን ከመግፋት ይልቅ ከዱቄቱ ጋር ሲታገል ያልቃል። ጠበቀ ብላችሁ ታስባላችሁ፤ ድሪሉ መምታት ሲጀምር ንዝረቱ ያላላዋል፣ ፑንታው በመንጋጋዎቹ መካከል ይሽከረከራል፣ የፑንታውም ጭራ ይፋጫል። አንዴ የተፋጨ ጭራ ከዚያ በኋላ በደንብ አይያዝም። ባለ ቁልፉ ግን በቁልፉ ጥርስ ስለሚገፋ ዱቄቱን አልፎ ይነክሳል።

የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ቆርጣችሁ፣ በክዳኑ በኩል ቀዳዳ አበጅታችሁ፣ የተቆረጠውን ሰፊ አፉን ወደ ግድግዳው አዙራችሁ ፑንታው ላይ ሰኩት። ዱቄቱን ይቀበላል። ምንም ዋጋ የለውም፤ ከሁለቱ የትኛውም ቸክ ቢኖራችሁ አድርጉት።

የተነከሰውን አልለቅም ያለ ወይም አልጠብቅም ያለ ቸክ ሁልጊዜ የሞተ አይደለም። ከመፍታታችሁ በፊት እጠቡት። ከድሪሉ ነቅላችሁ (አነቃቀሉን ከታች ጽፌዋለሁ) መንጋጋዎቹን እስከቻላችሁ ድረስ ክፈቱና በነጭ ጋዝ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ቀለበቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞራችሁ አሠሩት፤ ግራጫ ጭቃ ይወጣል። ነጭ ጋዙን ለውጡና ድገሙት። ከዚያ ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በአየር አስነፉት፤ አየሩን ከኋላው ቀዳዳ በኩል ነው የምታስገቡት፣ ዱቄቱ በመጣበት እንዲወጣ። ሲደርቅ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት በቂ ነው። ግራሶ አትቀቡት! ግራሶ ዱቄት ይሰበስባል፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከመጀመሪያው የባሰ ይዘጋል።

ነጭ ጋዝ ካላዳነው መፍታት ግድ ይሆናል፤ የሁለቱ ልዩነት በደንብ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ባለ ቁልፉን መንጋጋዎቹን ወደ ውስጥ መልሳችሁ ቱቦ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ቱቦው ጥርሳሙን ቀለበት ብቻ እንዲደግፍና የቸኩ አካል በመሃሉ እንዲያልፍ ሆኖ ይመረጥ። ከዚያ ከላይ በኩል እንጨት ወይም ነሐስ አስቀምጣችሁ በመዶሻ ወይም በሞርሳ ትገፉታላችሁ፤ ቀለበቱ ቱቦው ላይ ይቀራል፣ አካሉ ወደ ታች ይወርዳል። ውስጡ ለሁለት የተሰነጠቀ ዳዶና ሦስት መንጋጋዎች ታገኛላችሁ። በቃ። ታጥቦ፣ ዘይት ተነክቶ፣ ተመልሶ ይገጠማል።

በእጅ የሚጠብቀው የባሰ ነው። የፊት ቀለበቱ ተጭኖ የገባ ፕላስቲክ ስለሆነ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ቢወጣም ተመልሶ እንደ ቀድሞው አይጨብጥም። ከሥሩ ያው ለሁለት የተከፈለው ዳዶ አለ፤ በዙሪያው የብረት ቀለበት፣ ከበታቹ ደግሞ ዳዶውን የሚያሽከረክሩ ጥቃቅን የኩሽኔታ ኳሶች። አንዳንዱ ላይ ቀጭን የመቆለፊያ ስፕሪንግም አለ፤ ስታጠብቁት «ቀጭ ቀጭ» የሚለው እሱ ነው። ንጹሕ ጨርቅ ሳታነጥፉ አትክፈቱት፤ አንድ ኳስ ወለል ላይ ከጠፋ ሥራው አብቅቷል፤ ለእነዚህ ርካሽ ቸኮች በተናጠል የሚሸጥ መለዋወጫ አይገኝም።

በሁለቱም ዓይነት የሚሠራ አንድ ነገር አለ፤ ይህን ያላወቀ ሰው ያወጣውን መልሶ አይገጥመውም። ሦስቱ መንጋጋዎች አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። በጀርባቸው ያለው ጥርስ አንዱ ከሌላው በአንድ ሦስተኛ ደረጃ ይቀድማል፤ ዳዶው እንደ ብሎን ጥርስ እየዞረ የሚወጣ ስለሆነ እንዲህ ካልሆነ ሦስቱ እኩል አይደርሱም። ስለዚህ 1፣ 2፣ 3 ተብለው ይቆጠራሉ። ብዙዎቹ ላይ ቁጥሩ ተቀርጿል፤ ከሌለ ከማውጣታችሁ በፊት መንጋጋውንም ቀዳዳውንም ምልክት አድርጉ። ስትመልሱ ጫፋቸው እኩል ካልተገናኘ ተራው ተዛብቷል ማለት ነው፤ በኃይል አታጥብቁት፣ አውጥታችሁ ቀይሩ። ዳዶውም እንዲሁ ነው፤ ሆን ተብሎ የተሰበረ ስለሆነ ሁለቱ ግማሾች እንደ ተሰበረ ሸክላ ስብራቱ ለስብራቱ ይገጥማል። የአንዱን ቸክ ግማሽ ከሌላው ጋር ማዛመድ አይቻልም።

በፕላስቲኩ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመኝ ብልሽት ሌላ ነው፦ ቀለበቱ በእጅ ይዞራል፣ መንጋጋዎቹ ግን አይንቀሳቀሱም። ፕላስቲኩ ውስጡን ካለው ብረት ለቋል። ሰዎች በሙጫ ያጣብቁታል፤ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ ይለቃል። የሚሻለው በቀለበቱ በኩል እስከ ውስጠኛው የብረት ቀለበት ድረስ በቀጭን ፑንታ በስቶ አጭር ብሎን ማሰር ነው። ሁለት ቦታ ትይዩ አድርጉት፤ ብሎኑ ወደ ውስጥ አልፎ መንጋጋውን እንዳይነካ፣ ራሱም ወደ ውጭ ወጥቶ እጅ እንዳይቆርጥ በሞረድ አስተካክሉት። ይህ የእንጨት ሥራ ለሚሠራ ሰው ያገለግላል። ኮንክሪት ለሚበሳ ግን ጊዜ ማራዘሚያ ብቻ ነው፤ ለዚያ ደንበኛ አውጥቼ ባለ ቁልፍ እገጥምለታለሁ።

ስለ ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ ሳልናገር አላልፍም። አንድ ነጋዴ ሙሉ ብረት ነው ብሎ 2,000 ብር የሸጠልኝ ቸክ ነበር። «አብሽር፣ ይህ የዕድሜ ልክ ነው» አለኝ። ቀለበቱ ብረት መስሎ የተቀባ ዚንክ ነበር፤ በወደቀ ጊዜ ከንፈሩ ተቆርሶ ውስጡ እንደ ኖራ ድንጋይ ሻካራና ግራጫ ሆኖ ታየ። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ስገባ ማግኔት ኪሴ ውስጥ አለ። ዚንክና አሉሚኒየም በማግኔት አይያዙም፤ ብረት ይያዛል። «ሙሉ ብረት» ተብሎ ማግኔቱ ቀለበቱ ላይ ካልተጣበቀ የፕላስቲኩን ዋጋ ስጡት ወይም ተዉት። ሁለተኛው ፈተና መንጋጋው ነው፤ ነጋዴው ከፈቀደ በጥሩ ሞረድ ጥጉን ነካ አድርጉት። የጠነከረ ብረት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል፤ ከበላው መንጋጋው ለስላሳ ነው፣ ፑንታ ይበላዋል። ሦስተኛው ደግሞ ቀጥ ያለ አዲስ ፑንታ ነክሶ በእጅ ማዞር ነው። ጫፉ አጠገብ ወረቀት ይዛችሁ ተመልከቱ፤ ጫፉ ክብ እየሠራ ከሄደ ቸኩ ጠማማ ነው። መብራት ጠፍቷል ቢባሉም ይህ በእጅ ይሠራል። ከመርካቶ በሰው የሚያስመጡ ወዳጆቼ ይህን ሁሉ መፈተሽ አይችሉም፤ 400 ኪሎ ሜትር መልሶ የሚልክም የለም። ለዚህ ነው ትንሽ ቢወደድም እዚሁ በዓይናችሁ አይታችሁ ግዙ የምለው።

ቸኩን ለመቀየር የሚያስፈልገው ካቻቪቴ፣ ትልቅ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍና መዶሻ ነው። መንጋጋዎቹን ከፍታችሁ ወደ ውስጥ ብትመለከቱ ሥሩ ላይ የብሎን ራስ ታያላችሁ። ወደ ኋላም በሚዞር ድሪል ላይ ይህ ብሎን ግራ ጥርስ ነው፤ የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው። እንደ ተለመደው ወደ ግራ እየታገሉ ራሱን የሚበጥሱት ብዙዎች ናቸው፤ ከተበጠሰ በኋላ ቶርኖ ቤት ነው መፍትሔው፣ የቶርኖው ዋጋ ደግሞ ከአዲሱ ቸክ ሊበልጥ ይችላል። ብሎኑ ከወጣ በኋላ ባለ ስድስት ጎኑን ቁልፍ ቸኩ ውስጥ ነክሳችሁ ክንዱን በሰዓት ተቃራኒ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት፤ ቸኩ ራሱ ተራ ጥርስ ስለሆነ ይለቃል። አዲስ ስትገዙ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር አመሳስሉ፦ በአብዛኞቹ ባለ 13 ሚሊሜትር ድሪሎች 1/2-20 ነው፣ ማለትም ግማሽ ኢንች ሆኖ በኢንች 20 ጥርስ ያለው። በትንንሾቹ ባለ 10 ሚሊሜትር ላይ ብዙ ጊዜ 3/8-24 ታገኛላችሁ። ሁለቱ አይገጣጠሙም።

በእጅ የሚጠብቀው የሚሻልበት ቦታ በባትሪ የሚሠራ ድሪል ነው። የቁም ሣጥን የሚገጣጥም፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፑንታና የካቻቪቴ ጫፍ ደጋግሞ የሚቀያይር፣ እንጨትና አሉሚኒየም ብቻ የሚነካ ሰው በቁልፍ ቢሠራ ቀኑ ይባክናል። እኔም የአሉሚኒየም ፍሬም ስገጣጥም የምይዘው እሱን ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ቀለበቱን በእጃችሁ ጨብጣችሁ ሞተሩን በማስነሳት አታጥብቁት። መዳፍ ይልጣል፣ ቀለበቱንም ከውስጥ ያላቅቀዋል። ቀኑን ሙሉ ኮንክሪት የሚበሳ ደግሞ ከሁለቱም ይውጣ፤ ኤስዲኤስ የሚባለውን፣ ቦሽ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣውን አያያዝ ያለው መምቻ ያስፈልገዋል። እዚያ ላይ ፑንታው በመንጋጋ አይጨመቅም፤ በተቀረጸለት ቦይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል።

ባለ ቁልፉን ለገዛችሁ፦ ቸኩ ዙሪያ ሦስት ቀዳዳ አለ፤ በሦስቱም አጥብቁ። በአንዱ ብቻ ማጥበቅ ፑንታውን ያዘነብለዋል። ቁልፉን በከመነዳሪ ቁራጭ ገመዱ ላይ፣ ሶኬቱ አጠገብ እሰሩት፤ እንዲህ ከሆነ ሶኬቱን ሳትነቅሉ ቁልፉ ቸኩ ድረስ አይደርስም። ከጠፋባችሁም ልኬቱን በዓይን ገምታችሁ አትግዙ፤ የቁልፉ ጫፍ 6 ሚሊሜትርም 8 ሚሊሜትርም ይሆናል፣ ጥርሱም ይለያያል። ድሪሉን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ፣ በሦስቱም ቀዳዳ አዙራችሁ፣ ከዚያ 150 ብሩን ክፈሉ።