ጎንደር ተጋብቶ መሄድ ወይስ በእጮኝነት መሄድ?

አንዳችሁ ሜልቦርን፣ አንዳችሁ ጎንደር ከሆናችሁ የአውስትራሊያው መንገድ ሁለት ነው። እዚሁ ጎንደር ተጋብቶ 309 በሚባለው የትዳር ቪዛ ማመልከት፣ ወይም 300 በሚባለው የእጮኝነት ቪዛ ሄዶ እዚያ መጋባት።

የ300 ነገር አጭር ነው። ሁለታችሁም 18 ዓመት ከሞላችሁ በኋላ በአካል መተያየት አለባችሁ። በስልክ ብቻ ያለ ፍቅር፣ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ አይበቃም። ቪዛው የሚያገለግለው ከ9 እስከ 15 ወር ነው። በዚያ ውስጥ ተጋብታችሁ ለትዳር ቪዛ እንደገና ታመለክታላችሁ፤ ትከፍላላችሁም።

309 ጊዜያዊ ነው፤ 100 ከሚባለው ቋሚ የትዳር ቪዛ ጋር አብሮ ስለሚቀርብ ክፍያው አንዴ ነው። ፈተናው ማስረጃው ላይ ነው። አራት ነገር ይታያል፦ ገንዘብ፣ የቤት ኑሮ፣ ማኅበራዊ እውቅና እና የወደፊት ቃል ኪዳን። በማኅበራዊው ጎንደሬ ሀብታም ነው። ሽምግልናው አለ፣ ሰርጉ አለ፣ መልሱ አለ። ግን የሙሽሮቹን ፎቶ ብቻ አትላኩ። ከሁለቱም ወገን ቤተሰብ ጋር የተነሳችሁትን ምረጡ፤ ማን ማን እንደሆነም ጻፉበት። ብዙዎቻችን የምንጎዳው በገንዘቡ ነው። በመንገደኛ እጅ የመጣ ብር ደረሰኝ የለውም። ጥቂትም ቢሆን በባንክ ይላክ። የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ብቻ ይዛችሁም አትቀመጡ። ጋብቻውን አስመዝግቡ፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ አስተርጉሙ።

ቤተሰብ እዚህ ሊድራችሁ ከተዘጋጀ እኔ 309ን እመርጣለሁ። ሰርጉ የግድ እዚያ መሆን ካለበት ግን 300 ይሻላል፤ የሚያጋባችሁን ሰው ደብዳቤ አስቀድማችሁ አስጽፉ።