ቲንክፓድ ቲ480 ከኡቡንቱ 24.04 ጋር፦ ድምፁ ጠፍቶ ከተመለሰ ከወራት በኋላ

ደብረ ብርሃን ላይ የምሠራው ሥራ ሁለት ነው። ሰው የድሮ ካሴቱን ያመጣል፣ እኔ ወደ ፍላሽ እገለብጥለታለሁ፤ ሰርግ ሲኖር ደግሞ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ሁለቱም ያለ ድምፅ አይሆኑም። ስለዚህ ይህ ግምገማ ስለ ላፕቶፑ ቢሆንም አብዛኛው የሚያወራው ስለ ድምፅ ነው።

ማሽኑ ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 ነው፤ 8ኛ ትውልድ ኢንቴል፣ 16 ጊጋባይት ራም። የመረጥኩት በባትሪው ነው። ሁለት አለው፤ አንዱ ውስጥ የተቀበረ፣ አንዱ ከኋላ የሚነቀል። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ሳይጠፋ የኋላውን ነቅዬ ሌላ የተሞላ እሰካለሁ፤ የጀመርኩት ቅጂ አይቋረጥም። ኪቦርዱ እስካሁን እንከን የለውም። ስክሪኑ ግን ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ለቀለም ሥራ ሌላ ሞኒተር በኤችዲኤምአይ እሰካለሁ። በዕቃው በኩል ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ገንዘቡን የሚያወጣ ዕቃ ነው።

የተጫነበት ሲስተም ኡቡንቱ 22.04 ነበር፤ ኡቡንቱ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን፣ ከሊኑክስ ወገን የሆነ ነፃ ሲስተም ነው። ወደ 24.04 ያሻገርኩት በዐቢይ ጾም ነው፤ ሰርግ የለም፣ የቪዲዮ ሥራ ቀዝቀዝ ይላል። የሚወርደው ፋይል ብዙ ጊጋባይት ስለሚበላ የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ ሲያወርድ አደረ። ጠዋት ሁሉም አልቋል። ዋይፋዩ ይሠራል፣ ቪዲዮው ይሠራል፣ ድምፅ የለም። የድምፅ ማስተካከያውን ስከፍተው ስፒከር የሚል መኖር ሲገባው «ደሚ አውትፑት» የሚል አንድ መስመር ብቻ ተቀምጧል። ይህ ማለት ሲስተሙ ድምፁን የሚልክበት እውነተኛ ካርድ ስላላገኘ ባዶ ቦታ ላይ እያፈሰሰው ነው።

በዚያው ጠዋት ከሰላ ድንጋይ የመጡ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመዋል። የሟች ባለቤታቸው ቀረርቶ ያለበትን ካሴት ሰጥተውኝ ነበር።

«ልጄ፣ ደረሰልኝ?»

«እማማ፣ ካሴትዎ ደህና ነው። ማሽኑ ነው ድምፅ እምቢ ያለኝ።»

«የእሱስ ግድ የለም። ቴፑ ብቻ እንዳይበላብኝ።»

ካሴቱን ከቴፑ አውጥቼ፣ ክሩን በእርሳስ አጥብቄ፣ በማቀፊያው አስገብቼ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ማሽኑ የዞርኩት።

ምክር የሚሰጥ ሰው አልጠፋም። አንዱ «ስፒከሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለኝ፣ ሌላው «ፎርማት አድርገው»። ሁለቱም ገንዘብና ጊዜ የሚያስወጣ ነው፣ ሁለቱም ሳይመረመር የተባለ ነው። በእኛ አካባቢ ብዙ ደህና ላፕቶፕ የሚፈታው እንዲህ እየተባለ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሊኑክስ ላይ ድምፅ በእርከን ነው የሚያልፈው። ከታች አልሳ አለ፤ ከከርነሉ (ከሲስተሙ እምብርት) ጋር አብሮ ያለ፣ ካርዱን በቀጥታ የሚያናግር ክፍል ነው። ከእሱ በላይ የድምፅ ሰርቨር አለ፤ ብራውዘሩም፣ ማጫወቻውም፣ ድምፅ የምቀዳበት ኦዳሲቲም አንድን ካርድ ሳይጋጩ እንዲካፈሉ የሚያደርገው እሱ ነው። ኡቡንቱ ላይ ከ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ሥራ የያዘው ፐልስኦዲዮ ነበር። በ22.10 እትም ቦታው ለፓይፕዋየር ተሰጠ። እንደ እኔ ከአንዱ ረጅም ድጋፍ ካለው እትም ወደ ሌላው የሚዘል ሰው ግን በመካከል ያለውን አያየውም፤ ለውጡ የሚደርሰው 24.04 ላይ በአንድ ጊዜ ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ 22.04 ላይም ፓይፕዋየር አስቀድሞ ገብቶ መቀመጡ ነው፤ ያኔ ሥራው ስክሪን ማጋራትን የመሰለ የቪዲዮ ሥራ ነበር እንጂ ድምፁን አይነካም ነበር።

ፍተሻውን ከታች ጀመርኩ። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍቼ ኤፕሌይ የሚባለውን ትእዛዝ በሰረዝና በትንሿ ኤል ስሰጠው የካርዶቹን ዝርዝር አወጣ፦ የላፕቶፑ ሪልቴክ ኤኤልሲ257፣ የኤችዲኤምአይ መውጫዎች፣ እና ካሴት የምቀዳበት የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ። ሦስቱም አሉ። ከርነሉ አይቷቸዋል ማለት ነው። የዩኤስቢ ካርዱም ዝም ማለቱ ብዙ ነገር ነገረኝ፤ የላፕቶፑ ስፒከር ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ በዩኤስቢው በኩል መስማት ነበረብኝ። ሁለት የማይገናኙ ካርዶች በአንድ ሌሊት አብረው አይበላሹም።

ቀጥሎ ስፒከር-ቴስት በሚባለው መሣሪያ፣ ሰርቨሩን ዘልዬ፣ ካርዱን በቀጥታ በሁለት ቻነል ሞከርኩት። «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከግራ፣ ከዚያ ከቀኝ ወጣ። እዚህ ላይ ስለ ዕቃው መጠራጠር አቆምኩ። ችግሩ ከካርዱ በላይ፣ ከፕሮግራሞቹ በታች ነው፤ ሰርቨሩ ላይ።

የድምፅ ካርዱን ፋይሎች ማን እንደያዛቸው ኤፍዩዘር በሚባለው ትእዛዝ ስጠይቅ ፐልስኦዲዮም የፓይፕዋየር ወገኖችም ተዘርዝረው መጡ። አሮጌው ሰርቨር ከማሻሻያው በኋላም አልወጣም፤ ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ ካርዶቹን ይይዛቸዋል። ፕሮግራሞቹ ደግሞ የሚያናግሩት አዲሱን ነው፣ አዲሱ በእጁ ካርድ የለውም። ለዚህ ነው ባዶውን «ደሚ አውትፑት» ሲያሳየኝ የነበረው።

መፍትሔው አጭር ነው። ፐልስኦዲዮ የሚለውን ጥቅል አስወገድኩ፣ ፓይፕዋየር-ኦዲዮ የሚለውን ጥቅል ጫንኩ፤ ሁለተኛው ካርዶቹን ለፓይፕዋየር የሚያስተዳድርለትን ዋየርፕለምበርን ጨምሮ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። በሆም ፎልደሬ ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩትን የአሮጌውን የድምፅ ሴቲንግ ፎልደሮች ሳልሰርዝ ስማቸውን ቀየርኩ። ሪስታርት። ከዚያ ፒኤሲቲኤል ኢንፎ ብዬ ስጠይቅ የሰርቨሩ ስም «ፐልስኦዲዮ ኦን ፓይፕዋየር 1.0.5» አለ። ፐልስኦዲዮ የሚለውን ስም አይታችሁ አትደንግጡ፤ ፕሮግራሞቹ በድሮው አነጋገር ስለሚያወሩ ፓይፕዋየር በዚያው ይመልስላቸዋል፣ ከኋላ ያለው ግን እሱ ነው።

ካርዱ ከተመለሰ በኋላም መጀመሪያ ድምፁ የሄደው ወደ ኤችዲኤምአይ ነበር፣ ሞኒተሬ ደግሞ ስፒከር የለውም። ከማስተካከያው ውስጥ ስፒከርን መምረጥ በቃው። ይህ ከማሻሻያ በኋላ በጣም የተለመደ ስለሆነ ተርሚናል ከመክፈታችሁ በፊት እዩት። ከተርሚናል በሚከፈተው የድምፅ መጠን ማስተካከያ፣ አልሳሚክሰር ውስጥም፣ በኤፍ6 ካርዱን መርጣችሁ «ማስተር» ከሚለው ዓምድ ሥር ሁለት ኤም ካያችሁ ድምፁ ተዘግቷል ማለት ነው፤ የኤም ቁልፍን ስትጫኑ ወደ ሁለት ዜሮ ይቀየርና ይከፈታል።

የናንተ ችግር ከእኔ ሊለይ ይችላል። ኤፕሌይ ምንም ካርድ የለም ካለ ጉዳዩ ታች ነው። ዋይፋዩም አብሮ ከጠፋ የአዲሱ ከርነል ተጨማሪ ሞጁሎች ጥቅል ሳይጫን ቀርቶ ይሆናል። አዲስ ላፕቶፕ ከሆነና ዲጂታል ማይክራፎን ካለው ሶፍ የሚባለው የድምፅ ፈርምዌር መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ ከርነሉ ራሱ በመልእክቶቹ ውስጥ ፋይሉ እንደጎደለ ይጽፋል። ወደ ድሮው የኢንቴል ድራይቨር የሚመልስ አማራጭም አለ፣ ግን የላፕቶፑን ማይክ ያሳጣችኋል፤ እኔ የመጨረሻ አማራጭ ነው የምለው። ማሽኑ ሲነሳ ግሩብ ከሚባለው የመነሻ ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መርጦ መሞከርም ጥፋቱ ከከርነሉ መሆን አለመሆኑን ይለያል።

አሁን ወራት አልፈዋል። ፓይፕዋየር ከፐልስኦዲዮ ይሻላል፤ ይህን ያለ ማመንታት ነው የምናገረው። ኦዳሲቲ ካሴት እየቀዳ፣ ኦቢኤስ ስክሪን እየያዘ፣ ብራውዘሩ መዝሙር እያሰማ አንዱ ሌላውን አይረብሸውም። ረጅም ካሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ ስቀዳ መንተፋተፍ አልገጠመኝም። የእማማም ካሴት በሁለቱም ገጽ በሰላም ተቀድቷል።

የማይመቹኝ ሁለት ነገሮች አሉ። ዋየርፕለምበር ካርዱ 5 ሰከንድ ያህል ሥራ ከፈታ ያስተኛዋል፤ ሲቀሰቀስ የመጀመሪያዋ ፊደል ትቆረጣለች። ሙዚቃ ለሚሰማ ምንም አይደለም። ቀረርቶ ቆራርጦ ለሚያስተካክል ግን «ዘራፍ» የምትለው «ራፍ» ሆና ትሰማለች፣ ፋይሉ የተቆረጠ ይመስላል። በዋየርፕለምበር ሴቲንግ የማስተኛ ጊዜውን ዜሮ ሳደርገው ጠፋ። ሁለተኛው ብሉቱዝ ነው፦ የጆሮ ማዳመጫው እንደተገናኘ አንድ ፕሮግራም ማይክ ከጠየቀ ድምፁ ወደ ስልክ ጥራት ይወርዳል። ለአርትዖት ባለገመድ እጠቀማለሁ፣ ሌላ መላ አላገኘሁለትም።

22.04 ላይ ያላችሁና ሥራችሁ የማያቋርጥ ከሆነ አትጣደፉ፤ መደበኛ ድጋፉ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. ነው። ከማሻሻላችሁ በፊት 24.04ን ሳትጭኑት ከፍላሽ አስነስታችሁ ድምፁን ስሙት። በፍላሹ ከሰማችሁና ካሻሻላችሁ በኋላ ከጠፋባችሁ ስፒከራችሁ ደህና ነው፣ ለማንም አታስፈቱት። ፋይሉ ወደ 6 ጊጋባይት ስለሚጠጋ በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል። ደብረ ብርሃን ያላችሁ 8 ጊጋ ፍላሽ ይዛችሁ ሱቅ ብቅ በሉ፣ እኔ ዘንድ ስላለ እገለብጥላችኋለሁ።