ከአሮጌዋ ሚያታ ጋር አሥር ወር የቆየ የኮድ ማንበቢያ

ክሩስኮቱ ላይ ያለችው ቢጫ የሞተር መብራት በበራች ቁጥር ሆዴ ባር ባር ይላል። መኪናዬ የ2003 ማዝዳ ሚያታ ናት፤ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር፣ ባለ አምስት ማርሽ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ነው። እሑድ ጠዋት ጣሪያዋን ከፍቼ በፖቶማክ ዳር እስከ ማውንት ቨርነን ስነዳት የሳምንቱ ድካም ይለቀኛል። ስለዚህ ስትታመም ዝም ብዬ ማየት አይሆንልኝም።

መብራቷ መጋቢት ላይ በራች። የወሰድኩበት ጋራዥ የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አንብቦ ፒ0171 መሆኑን ነገረኝና የኦክስጅን ሴንሰሩን ቀየረ። በዘጠነኛው ቀን እንደገና በራች። በዚያው ሳምንት ከክብሪት ሣጥን ብዙም የማይበልጥ የብሉቱዝ ማንበቢያ በ35 ዶላር ገዛሁ። ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ፒን መሰኪያ ላይ ይሰካና ስልክ ላይ ካለ መተግበሪያ ጋር ይነጋገራል።

ፒ0171 ማለት ድብልቁ ሳስቷል፣ ከነዳጁ ይልቅ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ሴንሰሩ ጭስ ማውጫው ላይ ተቀምጦ የሚያየውን በትክክል ይናገር ነበር፤ ምስክር እንጂ ተከሳሽ አልነበረም። ይህን የተረዳሁት ግን ኮዱን ትቼ ሞተሩ እየሠራ የሚያሳያቸውን ቁጥሮች ማንበብ ስጀምር ነው። ለእኔ የመሣሪያው ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒውተሩ ድብልቁን ለማስተካከል ነዳጅ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ በመቶኛ ይመዘግባል። የረጅም ጊዜውና የአጭር ጊዜው ማስተካከያ ተደምረው ዜሮ አካባቢ ቢሆኑ ደግ ነው፤ ወደ 10 ሲጠጉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የእኔዋ መኪና ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቆማ ነዳጅ ሳይረገጥ ስትሠራ፣ የረጅም ጊዜው +19፣ የአጭር ጊዜው +6 ነበር። ሞተሩን በደቂቃ ወደ 2,500 ዙር ከፍ ሳደርግ ግን ድምሩ ወደ +5 ወረደ። ይህ መውረድ ብዙ ነገር ይናገራል። ሞተሩ ጥቂት አየር በሚስብበት ጊዜ በአንዲት ስንጥቅ የሚገባው አየር ድርሻው ትልቅ ነው፤ ብዙ ሲስብ ግን ያችው ስንጥቅ ከቁጥር አትገባም። የነዳጅ ፓምፕ ቢደክም ወይም የአየር መጠን የሚለካው ሴንሰር ቢቆሽሽ ኖሮ ቁጥሩ ጭነት ሲጨምር ይብስ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን አሙቄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ስልኩን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ የፒንሳውን ጥርስ በጨርቅ ጠቅልዬ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ መቆንጠጥ ጀመርኩ። የፍሬን ማገዣውን ቱቦ ቆነጠጥኩ፤ ምንም። ከነዳጅ ታንኩ ትነት የሚመጣውን ቆነጠጥኩ፤ ምንም። ከሞተሩ ክዳን ተነስቶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደውን ትንሽ ቱቦ ስይዘው የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ስልኩ ላይ የአጭር ጊዜው ቁጥር ከ+6 ተነስቶ ወረደ፣ ዜሮን አለፈ፣ −14 ላይ ቆመ። ስለቀው ተመልሶ ወጣ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። ቱቦውን አውጥቼ ሳጥፈው ከሥሩ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ። ከሃያ ዓመት በላይ የሞተር ሙቀት የጠጣ ጎማ መድረቁ አያስደንቅም። አዲሱን በ11 ዶላር ገዛሁ።

ኮድ ለማጥፋት የሚቸኩሉትን አንድ ነገር እለምናለሁ። ሲያጠፉት ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረው የሙቀት፣ የፍጥነትና የጭነት መረጃ አብሮ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያካሂዳቸው ፍተሻዎችም ከዜሮ ይጀምራሉ። በሰሜን ቨርጂኒያ የጭስ ምርመራ ከ2001 ወዲህ ለተሠራ የቤንዚን መኪና ያልተጠናቀቀ ፍተሻ ከአንድ በላይ አይፈቀድም። እኔ መረጃውን ፎቶ አንስቼ ካጠፋሁ በኋላ ሁሉም እስኪሟሉ ስምንት ቀን ነዳሁ። የዘገየው የነዳጅ ትነት ፍተሻ ነበር፤ ታንኩ ሙሉ ወይም ባዶ ሊሆን ሲቃረብ አይጀምርም።

ጥቅምት ላይ ደግሞ የማሞቂያው አየር ቀዘቀዘብኝ። የሙቀት ሴንሰሩን ጠረጠርኩ። ሌሊቱን ቆማ ባደረች መኪና ላይ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ አየሁ፦ የራዲያተሩ ውሃ 9 ዲግሪ፣ የሚገባው አየርም 9 ዲግሪ። ሁለት ሴንሰሮች እንዲህ ከተስማሙ ውሸታም የለም። አውራ ጎዳና ላይ ውሃው 66፣ መንገድ ሲዘጋጋ 84 ዲግሪ ሲያሳይ ተርሞስታቱ፣ ውሃው ወደ ራዲያተሩ የሚያልፍበትን የሚከፍትና የሚዘጋው ዕቃ፣ ተከፍቶ መቅረቱ ታወቀ። ቀየርኩት፤ ማሞቂያውም ተመለሰ።

ቅሬታዬን ልናገር። ከዚህ በፊት የገዛሁት ርካሽ ማንበቢያ ከስልኩ ጋር ቢገናኝም ከመኪናዋ ጋር አልተግባባም። አዳዲሶቹ መኪኖች ከማንበቢያ ጋር ካን በሚባል ቋንቋ ነው የሚነጋገሩት፤ የእኔዋ አይኤስኦ 9141-2 የሚባለውን የቆየውን ትጠቀማለች፤ ይህን የማይችሉ አስመስለው የተሠሩ ማንበቢያዎች ገበያው ላይ ሞልተዋል። አሮጌ መኪና ያላችሁ ሳትገዙ አረጋግጡ። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ፣ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የ1990ዎቹ መኪኖች መሰኪያቸው ቢመሳሰልም ቋንቋቸው ሊለይ ይችላል። ይህ የቆየ አነጋገር ዘገምተኛ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት በላይ ቁጥሮችን አልከፍትም። መሣሪያው የኤርባግ ኮድ አያነብም፤ በፒ1 የሚጀምሩትን የአምራቹን ኮዶችም ትርጉማቸውን ሳይሰጥ ቁጥራቸውን ብቻ ያሳያል።

ከሁሉ የከፋው የባትሪው ነገር ነው። መሰኪያው ቁልፍ ቢዘጋም ኤሌክትሪክ አያጣም። ታኅሣሥ ላይ ሳልነቅለው ለሦስት ሳምንት ተጓዝኩ፤ ስመለስ ኋላ ሻንጣ ውስጥ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሙታ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲያልቅ ነቅዬ መሳቢያው ውስጥ እከተዋለሁ።

ዛሬ ቢጠፋብኝ ነገ ይህንኑ እገዛለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሚኒሞ ላይ የረጅም ጊዜው ቁጥር +2 ነበር። ያለ ጥፋቱ የተነቀለውን አሮጌ ሴንሰርም ከጋራዡ ጠይቄ ወስጄዋለሁ፤ ለመለዋወጫ ይሆነኛል።