የመዳብ ጥይት በኤልክና በአጋዘን ላይ፦ ከወራት አደን በኋላ የታዘብኩት

የመዳብ ጥይት ውድ ነው። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ እኔ በምገዛበት ሱቅ ሃያ ፍሬ የያዘው አንድ ሣጥን ከ50 ዶላር በላይ ነው። ተራው ባለ እርሳስ ጥይት ደግሞ 30 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ስለዚህ «ለምን ብዬ ነው የምጨምረው?» የሚል ሰው አይፈረድበትም።

ካለፈው ዓመት ሰኔ ጀምሮ በ.30-06 ጠመንጃዬ (ቁጥሩ የሚተኩሰው ጥይት ዓይነት መጠሪያ ነው) የማድነው በመዳቡ ብቻ ነው። በምሥራቅ ኮሎራዶ ሜዳ ላይ ሚዳቋ የሚመስለውን ፕሮንግሆርን፣ ወደ ተራራው ደግሞ አጋዘንንና ትልቁን የአጋዘን ዘመድ ኤልክን መትቼበታለሁ። የሁለት ፋብሪካ ምርት ሞክሬያለሁ። ልዩነታቸውን ያወቀው ጠመንጃዬ እንጂ አውሬው አይደለም፤ ስለዚህ ስማቸውን ትቼ ስለ መዳቡ ላውራ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ወደ እርሳስ አልመለስም። ምክንያቴ ግን ማስታወቂያው የሚለፍፈው የመግደል ኃይል አይደለም። ሥጋው ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ። የተራው ጥይት አረር ሆዱ እርሳስ ነው፤ ላዩን ስስ መዳብ ለብሷል። አውሬው ላይ ሲያርፍ እርሳሱ ይጠፈጠፋል፣ ይቆራረሳል። ገሚሱ አንድ ላይ ሲቀር ሌላው ደቆ ሥጋው ውስጥ ይበተናል። ሙሉ መዳብ የሆነው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው። አፍንጫው ላይ ቀዳዳ አለው፤ ብዙዎቹ ቀዳዳው ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ጫፍ ይሰካባቸዋል። አካል ውስጥ ሲገባ ግፊቱ ቀዳዳውን ከውስጥ ይፈለቅቀዋል። አፍንጫው አራት ቦታ ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ስፋቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ክብደቱ ግን አልቀነሰም ማለት ይቻላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የባርንስ ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ራንዲ ብሩክስ «ኤክስ» የተባለውን የመዳብ አረር ገበያ ላይ ያዋለው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያዎቹ በርሜል ውስጥ መዳብ እየለቀቁ ሰው አማርረዋል። በ2003 አካሉ ላይ ዙሪያውን ቦይ ተቆርጦበት «ቲኤስኤክስ» ሆኖ ሲመጣ ያ ችግር በጣም ቀለለ። ዛሬ ሆርናዲም፣ ኖዝለርም፣ ፌደራልም የየራሳቸው አላቸው።

አሁን ወደ ኤልኩ። ፍላት ቶፕስ የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ አምባ በሀገሪቱ ካሉት ትልልቅ የኤልክ መንጋዎች አንዱ የሚውልበት ነው። የመታሁት ጎረምሳ ወንድ ነበር፤ ከ200 ኪሎ በላይ ይሆናል። ርቀቱ 180 ያርድ ገደማ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል)። ጎኑን አልሰጠኝም፤ ደረቱን በከፊል ወደ እኔ አዙሮ ነው የቆመው። እንዲህ ሲቆም አረሩ ልብና ሳንባ ጋ ለመድረስ የትከሻ አጥንት መስበር አለበት። በለስላሳ የእርሳስ ጥይት ቢሆን እንደዚያ የቆመ ኤልክ ላይ ቃታ ለመሳብ ሁለቴ አስብ ነበር።

ተኮስኩ። ጎረምሳው ተንገዳገደ፣ ጥቂት ሄደና ተንበረከከ። ስንገፈው አረሩ ያለፈበትን መንገድ ተከተልኩት። የትከሻውን አጥንት ሰብሯል። ሁለቱንም ሳንባ በሰያፍ ቀዷል። በወዲያኛው ጎን፣ ወደ መጨረሻዎቹ ጎድኖች ሲቃረብ፣ ቆዳው ሥር እንደ ባቄላ ያበጠ ነገር ጣቴ ላይ መጣ። በቢላ ጫፍ ፈልቅቄ አወጣሁት። አራቱም ስንጥቆች ወደ ኋላ ታጥፈዋል፤ አንዷ ብቻ አጥንቱ ጋ ሳትጋጭ አልቀረችም፣ ጫፏ ተሸርፏል። ቤት ስገባ አጥቤ ቡና የምመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ከጠመንጃው ሲወጣ 165 ግሬይን ነበር፣ ማለት 10.7 ግራም። ሚዛኑ 10.6 አለ።

እኔን የገረመኝ ግን ወርቹ ነው። አጥንት የተሰበረበት ወርች ነው፤ ግማሹ ደም ቋጥሮ የሚጣል መስሎኝ ነበር። ቆርጬ የጣልኩት አንድ እፍኝ ቢሆን ነው። ድሮ በእርሳስ ትከሻው ላይ የመታሁት አጋዘን ወርቹ ከነመላው ነው የተጣለው። ወርች ለብዙ አሜሪካዊ አዳኝ የሚፈጭ ሥጋ ነው፤ ቢጎድልም ብዙ አያስቆጨውም። እኛ ቤት ግን ብልት ሲወጣ እያንዳንዱ ቁራጭ ስም አለው፣ ባለቤትም አለው። ቤት ውስጥ «ወርቹስ የታለ?» የሚል ሰው አይጠፋም።

ሁለተኛው የሥጋ ጉዳይ እርሳሱ ራሱ ነው። በ2008 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ አንድ ሐኪም ለችግረኞች የተለገሰ የአጋዘን ሥጋ በሲቲ ስካን አስነሥቶ ብዙ ፓኬት ውስጥ የእርሳስ ቅንጣት አገኘ። የስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤትም ምግብ አዳዮቹ ያንን ሥጋ እንዲጥሉት መከረ። ከዚያ ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ የአደን ሥጋ የሚበሉና የማይበሉ ሰዎችን ደም መረመረ። የሚበሉት ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ልዩነቱ የሚያስደነግጥ አልነበረም። ግን ልጆች ላሉበት ቤት «ትንሽ» የሚባል እርሳስ የለም፤ ሲዲሲም ለልጆች ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለም ነው የሚለው። ቅንጣቶቹ ደግሞ ከቀዳዳው ርቀው ይሄዳሉ፤ ደቃቅ ስለሆኑ በዓይን አይታዩም፣ ሲበሉም ጥርስ ላይ አይገኙም። እኛ ደግሞ ሥጋ ከትፈን የምንበላ ሰዎች ነን። የተከተፈ ነገር ውስጥ የገባውን ማን ይለቅመዋል?

ክትፎ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልናገር። የአደን ሥጋ ጥሬውን አትብሉ፤ ለብለብም አይሁን። መዳብ እርሳሱን ያስቀራል እንጂ ጥገኛ ተሕዋስያኑን አያስቀርም። ኮሎራዶ ላይ ደግሞ የአጋዘንና የኤልክ አንጎል የሚያጠፋ ሲደብሊውዲ የሚባል በሽታ አለ፤ መጀመሪያ የታየውም በ1967 እዚሁ ፎርት ኮሊንስ ነው። ጭንቅላቱን ለምርመራ ሰጥታችሁ ውጤቱን ጠብቁ። የኤልክ ሥጋ ስብ ስለሌለው ጥብስ ሲሆን ቶሎ ይደርቃል፤ ቅቤ አትሰስቱለት። ዋናው ጥቅሙ ለቋንጣ ነው። የዴንቨር ደረቅ አየር ለቋንጣ የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ። የመጨረሻው የጠመንጃ ወቅት የሚያልቀው ጾመ ነቢያት ሊገባ ሲል ስለሆነ ያኔ የተመታው ሁሉ ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል። አክስቴ «ተባርኮ ያልታረደ አልቀምስም» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። አብሮኝ የሚያድን ሙስሊም ጓደኛዬ ደግሞ ቃታ ከመሳቡ በፊት «ቢስሚላህ» ይላል፤ እሱ ቤት ጥያቄው እዚያው ያልቃል።

አሁን ወደማያስደስተው። መዳብ ፍጥነት ይፈልጋል። ከእርሳስ ይጠነክራልና ቀስ ብሎ የመጣ አረር አፍንጫው አይከፈትም፤ እንደ ገባ ይወጣል። ብዙዎቹ የመዳብ አረሮች ለመከፈት ቢያንስ በሰከንድ 550 ሜትር ገደማ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ በደንብ እንዲከፈት 600 ካልሆነ አላምነውም። የኔ .30-06 ከአፈሙዝ ሲወጣ 850 ሜትር ገደማ ነው። 300 ያርድ ድረስ ምንም ሐሳብ የለብኝም። 400 ሲያልፍ ወደ ወሰኑ ይጠጋል።

ይህን ፕሮንግሆርኑ ላይ በደንብ አይቼዋለሁ። ሜዳው ወለል ያለ ነው፣ መደበቂያ የለም፤ 380 ያርድ ገደማ ላይ ነበረ። ጥይቱ ሳንባውን አግኝቶታል። እንስሳው ግን አልወደቀም። ቆሞ ዙሪያውን አየ፣ ጥቂት ተራመደ፣ ከዚያ ተኛ። የመውጫው ቀዳዳ ከመግቢያው ብዙም አይሰፋም፤ ደም መሬት ላይ ለማግኘት መፈለግ ነበረብኝ። ፕሮንግሆርን 45 ወይም 50 ኪሎ የሆነ ስስ እንስሳ ነው፤ አረሩን የሚያስቆም ነገር ስለሌለው ሳይሰፋ አልፎታል። ሜዳ ላይ ስለሆነ ዓይኔን ሳልነቅል ተከተልኩት። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ቢሆን ኖሮ ረጅም ፍለጋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማነጣጠሪያ ቦታዬን ቀይሬያለሁ። በእርሳስ ጊዜ ከትከሻው ኋላ፣ ጎድኑ ላይ ነበር የማነጣጥረው። በመዳብ ግን ወደ ፊት ጠጋ ብዬ ትከሻው ላይ ነው የምይዘው። አጥንት ሲያገኝ ይከፈታል፣ እንስሳውም ባለበት ይቀራል። ሥጋ ስለማያበላሽ ደግሞ ትከሻ መምታት እንደ ድሮው አያስፈራም።

ሌላ የሚያሳስብ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያነሳውም። ይህ ጥይት ጎኑን የሰጠ ኤልክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይቆምም፤ አልፎ ይሄዳል። ኤልክ ደግሞ ብቻውን አይቆምም። ከኋላው ሌላ ካለ አንድ ፈቃድ ይዘህ ሁለት ትመታለህ። መንጋ ውስጥ ያለውን ገለል እስኪል መጠበቅ ግድ ነው። የእኔን ትዕግሥት ከሁሉም በላይ የፈተነው ይህ ነው።

ስለ ጠመንጃው ትንሽ። መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፤ እርሳስ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ሲመዝን መዳብ 9 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እኩል ክብደት ያለው የመዳብ አረር ይረዝማል። የረዘመ አረር አየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ በደንብ መሾር አለበት፤ ቀለህ ውስጥም የባሩዱን ቦታ ይሻማል። ለዚህ ነው አዋቂዎቹ አንድ ደረጃ ውረድ የሚሉት። በእርሳስ 180 ግሬይን የሚተኩስ በመዳብ 165 ወይም 150 ይያዝ። ክብደቱ ሳይበተን ስለሚቀር የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ፍጥነት ደግሞ ያተርፋል።

ጠመንጃ እንደ ሰው ምርጫ አለው። የመጀመሪያው ፋብሪካ ጥይት ምቱ 100 ያርድ ላይ ከሁለት ኢንች በላይ ሲበተንብኝ ሁለተኛው አንድ ኢንች ከሩብ ውስጥ ገባ። ያው ጠመንጃ፣ ያው ተኳሽ። ስለዚህ አንድ ሣጥን ሞክራችሁ «መዳብ አይረባም» አትበሉ፤ ሌላ ሞክሩ። ከመሞከራችሁ በፊት በርሜሉን እስከ ጥግ አጽዱት፣ ከድሮ ጥይት የቀረውን መዳብ በሚያሟሟ ፈሳሽ። እኔ ካጸዳሁ በኋላ ኢላማው በግልጽ ጠበበ። ልምምድን በርካሽ የእርሳስ ጥይት ማድረግ ይቻላል፤ ግን ሁለቱ አንድ ቦታ አይመቱም። ከአደን በፊት ስኮፑን በመዳቡ መልሶ ማስተካከል የግድ ነው። በ50 ዶላር ሣጥን ይህ ያማል፤ የኔ ትልቁ ቅሬታ ይኸው ነው። ጥቅምት ሲቃረብ ደግሞ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል።

ካሊፎርኒያ ላላችሁ ይህ ሁሉ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። በ2013 የወጣው ሕግ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስቴቱ ሙሉ በእርሳስ ጥይት ማደን ከልክሏል። ምክንያቱ ኮንዶር የሚባለው አሞራ ነው፤ በ1982 በዓለም ላይ 22 ብቻ ቀርተው ነበር፤ አዳኝ ጥሎት የሄደውን የሆድ ዕቃ ሲበሉ እርሳስ ይመርዛቸዋል። ኮሎራዶ ላይ ለትልልቅ አውሬ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። እኔ በፈቃዴ ነው የገባሁበት።

ለማን ይሆናል? .30-06፣ .270 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ማግነም ይዞ እስከ 350 ያርድ የሚተኩስ ሰው ዓይኑን ሳያሽ ይግዛ። በአጭር በርሜል .308 የሚያድን ደግሞ ርቀቱን 300 ያርድ ላይ ይገድበው፤ ቀለል ያለውንም ክብደት ይምረጥ። በ.243 ኤልክ ለመምታት የምታስቡ ካላችሁ የኮሎራዶ ሕግ ከ85 ግሬይን በታች አይፈቅድም፤ በዚያ መጠን እኔ እርሳሱን ጨርሶ አላስበውም፣ መዳብ ብቻ። ከ500 ያርድ መተኮስ የሚወድ ሰው ግን ወይ ለዝቅተኛ ፍጥነት ተብሎ የተሠራውን የመዳብ ዓይነት ይፈልግ፣ ወይ ጠጋ ብሎ ይተኩስ።

እኔ ለመጪው ወቅት ወደ 150 ግሬይን ልወርድ ነው። ሱቁ ባዶ ሳይሆን ሰኔ ላይ ገዝቻለሁ፤ ሣጥኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑንም አይቻለሁ፣ ከምርት ምርት መምቻው ትንሽ ሊለያይ ይችላልና።