ቤት ሸጦ መከራየት፦ ብሪታንያ ውስጥ ፔንሽን ክሬዲት ለሚያገኙ ጡረተኞች የቱ ያዋጣል?

ብሪታንያ ውስጥ ቤቱ የራሱ ሆኖ እጅ ያጠረው ጡረተኛ ብዙ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ ቦይለሩ ያረጃል፣ ደረጃው ጉልበት ይፈትናል። ከዚያ «ሸጠን ብንከራይስ?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ከመፈረምዎ በፊት፣ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ድጎማዎን ምን እንደሚያደርገው ይወቁ።

ቤት ሆኖ ሳለና ገንዘብ ሲሆን

የሚኖሩበት ቤት ምንም ያህል ቢያወጣ ለፔንሽን ክሬዲት፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅ ላለ ጡረተኞች ለሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ፣ አይቆጠርም። ሲሸጥ ግን ቁጠባ ይሆናል። የመጀመሪያው 10,000 ፓውንድ አይነካም። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 500 ፓውንድ፣ በሳምንት 1 ፓውንድ ገቢ እንዳለዎት ተደርጎ ይታሰባል። ዕዳው ተከፍሎ 150,000 ፓውንድ ቀረዎት እንበል። በሳምንት 280 ፓውንድ ያገኛሉ ይባላል፤ ባንክዎ ያን ያህል ወለድ ባይሰጥም። በዚህ ስሌት የአብዛኛው ሰው ፔንሽን ክሬዲት ይቋረጣል።

ሃውሲንግ ቤኔፊትም (የኪራይ ድጎማው) ከ16,000 ፓውንድ በላይ ላለው አይሰጥም። ገደቡ የማይመለከተው የፔንሽን ክሬዲትን የጋራንቲ ክፍል (ሳምንታዊ ገቢን እስከ ተወሰነ ዝቅተኛ መጠን የሚሞላውን) የሚያገኝ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ኪራዩን ከሽያጩ ገንዘብ እየቀነሱ ራስዎ ይከፍላሉ። ሌላ ቤት ሊገዛ የሸጠ ሰው ገንዘቡ ለተወሰነ ጊዜ ሳይቆጠር ይቆይለታል። ሊከራይ የሸጠ ግን ይህ እፎይታ የለውም።

እንግሊዝ ውስጥ የእንክብካቤ ወጪንም ያስቡ። እርዳታው ቤትዎ ድረስ ሲመጣ ቤቱ አይቆጠርም። ጥሬ ገንዘብ ግን ይቆጠራል፤ ከ23,250 ፓውንድ ካለፈ ሙሉውን ከኪስዎ ይከፍላሉ። የመንግሥት ጡረታና አቴንዳንስ አላዋንስ (እርዳታ ለሚያስፈልገው አረጋዊ የሚከፈለው አበል) ግን ቁጠባ አያዩም፤ እነዚህ አይነኩብዎትም።

ከግል አከራይ ወይስ ሸልተርድ ሃውሲንግ?

የግል ኪራይ ቶሎ ይገኛል። ሰፈሩን ይመርጣሉ፤ ለልጆችዎ ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚቀርበውን። በእንግሊዝ ለአከራዩ የሚያዘው ዲፖዚት ለብዙዎች ከ5 ሳምንት ኪራይ አይበልጥም። ችግሩ የሚመጣው ገንዘቡ ሲያልቅ ነው። ያኔ ሃውሲንግ ቤኔፊት የሚከፍለው ለአካባቢው እስከተወሰነው ጣሪያ ብቻ ነው። ኪራዩ ከዚያ ካለፈ ልዩነቱ የእርስዎ ዕዳ ነው። አከራዩ ቤቱን መሸጥ ቢፈልግ ደግሞ በሰማንያ ዓመት ዕቃ ማሸግ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ሸልተርድ ሃውሲንግ ማለት ለአረጋውያን የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ናቸው። የራስዎ በር፣ ድንገት ሲወድቁ የሚጠሩበት ደወል፣ ጎረቤት የሚያገኙበት የጋራ ሳሎን አለው። አከራዩ ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ወይም ሃውሲንግ አሶሴሽን (ለትርፍ ያልቆመ ቤት አከራይ ድርጅት) ሲሆን ኪራዩ አብዛኛውን ጊዜ ከግሉ ይቀላል፤ ጥገናውም የእነሱ ነው። የጡረታ ዕድሜ ለደረሰ ሰው «ትርፍ መኝታ ክፍል አለህ» ተብሎ ድጎማ አይቆረጥም። ከአገልግሎት ክፍያው ግን የክፍልዎን ማሞቂያ የመሰለውን ድጎማው አይሸፍንም።

እዚህ ያለው ችግር መግባቱ ነው። ብዙ ካውንስሎች ቤት ወይም ዳጎስ ያለ ቁጠባ ያለውን ሰው አይመዘግቡም። ለሸልተርድ ግን ላላ የሚሉ አሉና ጠይቁ። እኔን ብትጠይቁኝ ሸልተርዱን እመርጣለሁ። ቤቱን ለገበያ ከማውጣት በፊት ማመልከቻው ይቅደም።

ለልጆች ላካፍለው ማለትስ?

ብዙ ወላጆቻችን ገንዘቡን ለልጆች ማከፋፈል ወይም አገር ቤት ቤት መሥራት ያምራቸዋል። ጥንቃቄ ያሻል። ድጎማ ለማግኘት ሲሉ ገንዘቡን ሰጡት ከተባለ፣ አሁንም እጅዎ ላይ እንዳለ ተቆጥሮ ይሰላል። አገር ቤት ያለ ንብረትም ሀብት ነውና ይታያል። ዕዳ መክፈል ወይም የግድ የሚያስፈልግ ዕቃ መግዛት ሌላ ነገር ነው፤ ደረሰኙን ግን አይጣሉ።

ችግሩ ደረጃው ወይም መታጠቢያው ብቻ ከሆነ ጨርሶ ላይሸጡ ይችላሉ። እንግሊዝ ውስጥ ካውንስሉ ቤትን ለአካል ጉዳት ለማመቻቸት እስከ 30,000 ፓውንድ ሊሰጥ ይችላል። ለዚህ የሚያስብ ሰው ከመሸጡ በፊት መጠየቁ ይበጃል።

ሸጣችሁ ከሆነ ወዲያው ፔንሽን ክሬዲትን ለሚከፍለው መሥሪያ ቤት፣ ለፔንሽን ሰርቪስ፣ አሳውቁ፤ ዝም ካላችሁ ትርፍ የተከፈለውን መልሱ ትባላላችሁ። ገንዘቡ እየቀነሰ ሲሄድም እንደገና አመልክቱ። ፔንሽን ክሬዲት ወደ ኋላ የሚከፍለው ቢበዛ ለ3 ወር ነው። ስሌቱን ኤጅ ዩኬ ወይም ሲቲዘንስ አድቫይስ የተባሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በነጻ ይሠሩላችኋል። ስትሄዱ የጡረታውን ደብዳቤና የቤቱን ግምት ይዛችሁ ሂዱ።